የጀርመን ምሳ በኅዳር ጽዮን

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ድንች ነው የምጽፈው። (ድንችም ፖለቲካ ነው የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ እደርስበታለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በጋዜጠኝነት ተመረቅኩ። በ2012 ኅዳር ላይ ግን ጋዜጠኛ ሳልሆን ዓለም ከተማ፣ እማማ ቤት ተቀምጬ ነበር። እማማ የምላት አያቴን ነው። ዓለም ከተማን ለማታውቁ፣ የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ በሙከጡሪ ትታጠፋላችሁ፤ ለሚን አልፋችሁ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ትወርዱና ማዶውን ዳገት ስትጨርሱ ታገኟታላችሁ። ጆሯችሁ ሁለት ጊዜ ይደፈናል፤ አንዴ ስትወርዱ፣ አንዴ ስትወጡ።

እንደ ማንኛውም ሥራ ፈላጊ ምሩቅ ሦስት ሥራ ነበረኝ፦ ማስታወቂያ ማንበብ፣ ማመልከቻ መላክ፣ እና «እስካሁን ሥራ አልያዝሽም?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ ፈገግ ማለት። አራተኛውን ሥራ የሰጡኝ የሰንበቴው ሙሴ ናቸው።

ኅዳር 7 እሁድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እማማን ደግፌ ሰንበቴ ቤት ገባሁ። ሙሴው ጠበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ተነሥተው ተናገሩ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም እሁድ ትውላለች። የዚያን ቀን አራት ጀርመኖች ቤተ ክርስቲያናችንን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ምሳም ከሰንበቴው ጋር ይበላሉ።

«እነሱ ስንት ጊዜ አብልተውናል» አሉ ሙሴው። «እኛስ አንድ ቀን የአገራቸውን ምግብ ብናቀርብላቸው ምን ይለናል?»

ዓይናቸው ቤቱን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጅ፣ ጋዜጠኛ አይደለሽም እንዴ? ጠይቀሽ ድረሺበታ!»

እናላችሁ፣ የመጀመሪያ የሙያ ምደባዬ ይህ ሆነ።

«አብልተውናል» የሚለው ቃል ለሌላ አገር ሰው ማጋነን ሊመስል ይችላል። ለመርሐቤቴ ሰው አይመስልም። ካርል ሄንዝ በም ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ «ሲሲ» በሚባሉት ፊልሞች ንጉሠ ነገሥቱን ሆኖ የተጫወተው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ ተወራረደ። ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራበው የአፍሪካ ሕዝብ አንድ አንድ ማርክ አያዋጣም አለ። ውርርዱን አሸነፈ፤ ሲሶው አላዋጣም። ይሁን እንጂ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ሥራው ከኤረር ሸለቆ ተነሥቶ በ1992 መርሐቤቴ ደረሰ። የከተማችን እናት ሆስፒታል የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። በ1994 ደግሞ ሙኒክ አጠገብ ያለችው ፋተርሽቴተን ከዓለም ከተማ ጋር የእህትማማች ከተማ ወዳጅነት መሠረተች። ካርል በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጠው፤ በ2014 አረፈ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ካርል አደባባይን ስታልፉ የምትጠሩት ስም የእሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ እናት ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ጥገና ነው የተወለደው። እማማ ስለዚያ ሌሊት ስታወራ ሁልጊዜ የምትጨርሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ድሮ ቢሆን በቃሬዛ ጀማን ስናሻግራት እናትሽ እዚያው መንገድ ላይ ትቀር ነበር።»

ስለዚህ ምሳው የምሳ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ኮሚቴ ተዋቀረ፦ ሙሴው፣ መሪጌታ፣ ሁለት እናቶች፣ አዲስ አበባ ከርሞ የተመለሰ አንድ ጎረምሳ፣ እና እኔ። ጎረምሳው ቀደመን፦ «ጀርመን ማለት ቋሊማና ቢራ ነው!»

«ቋሊማው ከምንድን ነው የሚሠራው?» አሉ መሪጌታ።

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። መሪጌታ ከዝምታችን የአሳማውን ነገር ተረዱና አማተቡ።

ቀጥሎ የመጣው ጾሙ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ኅዳር 21 እሁድ ቢሆንም፣ ጽዮን ብትሆንም፣ ሥጋ የለም፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልም የለም። ቢራውንም ሙሴው «በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጠርሙስ አናንኳኳም፤ ጠላ አለን» ብለው ዘጉት። ስብሰባው ሲያልቅ ከጀርመን ምግብ የተረፈን ሳህኑ ነበር። በጀቱ ደግሞ 1,500 ብር።

ማታ በኢሞ ለእህቴ ደወልኩ። እህቴ ቤይሩት ስድስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የፎቶ ኮፒዬን፣ የሳሙናዬን፣ የመሳፈሪያዬን የከፈለችው እሷ ናት። በዚያ ሰሞን ሊባኖስ ተናውጣ ነበር፤ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቷል፣ ባንኮቹ ዶላር አልሰጥም ብለዋል፣ የብዙ ሴቶቻችን ደመወዝ ቆሟል። እህቴም ሁለት ወር ምንም አልላከችልኝም። ስልኩን እንዳነሣች መጀመሪያ የምትለኝ «ይቅርታ» ነበር። እሷ እኔን! አስቡት እስቲ።

«የጀርመን ምግብ ትችያለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «እዚህ የማልችለው የለም። የነሱን እሠራለሁ፣ የጣሊያን እሠራለሁ፣ የፈረንሳይ እሠራለሁ። የጀርመን ድንች ሰላጣም ለእንግዳ ሠርቻለሁ። በማዮኔዝ የሚሠሩት አሉ፤ እሱ እንቁላል አለው። በደቡብ በኩል ያሉት ግን በሆምጣጤ፣ በዘይትና በሰናፍጭ ነው የሚያሹት። የሥጋ መረቁን ተዪውና በድንቹ ውኃ ሥሪው፤ ጾም ይሆንልሻል።»

ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና እንዲህ አለች፦ «ታውቂያለሽ፣ ስድስት ዓመት የሰው አገር ምግብ ሠራሁ። አንድም ሰው 'ያንቺ አገርስ ምን ይበላል?' ብሎኝ አያውቅም። ሥሪላቸው። ቢበላሽም ሥሪላቸው።»

በማግሥቱ ይህንኑ ለእማማ ነገርኳት። እማማ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ የነሱን ምግብ ከነሱ አብልጬ ልሠራ ነው? ቀምሰው 'ጎሽ፣ ለመዳችሁልን' ሊሉኝ ነው? ስሚ፣ እነዚህ ሰዎች ስንት ዓመት ሰጡን። እኛ ስንት ዓመት 'እግዜር ይስጥልን' አልን። ምርቃቱ ከልቤ ነው፤ ልጄ ናት የዳነችው። ግን ሁልጊዜ አመስጋኝ መሆን ወገብ ያጎብጣል። አንድ ቀን እኔ ልስጥና እነሱ ያመስግኑኝ። የምሰጠው ደግሞ የራሴን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ ለስድስት ዓመት «አመሰግናለሁ እቱ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ቃሉ አፌ ላይ እንዴት እንደሚከብድ፣ አንዳንዴም ስልኩ ሲጮህ ቶሎ አላነሣውም እስክል ድረስ እንዴት እንደሚያሳፍር አውቀዋለሁ። ውለታ ያለበት ሰው ውለታ የዋለለትን ይወዳል፤ ግን ትንሽ ትንሽም ይሸሸዋል። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እማማ ምስር እየለቀመች ተናገረችው።

እናም ሁለት ትእዛዝ ነበረኝ። እህቴ «የነሱን ሥሪላቸው»፣ እማማ «የራሳችንን እንሰጣለን»። ጋዜጠኛ ሁለቱንም ወገን ይሰማል ብለው አስተምረውናልና መረጃ ፍለጋ ወጣሁ። ስለ ጀርመን የማውቀው ሁሉ ከዶቼ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት የሰማሁት ነበር (እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ ሲያወሩን ስለ ምግባቸው ብዙም አልነገሩንም!)። በሞባይል ዳታ፣ ኔትወርኩ በፈቀደ ሰዓት፣ ሳነብ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጀርመኖችም ጾመኞች ነበሩ። በድሮው ዘመን በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ማለትም ከኖቬምበር 11 በኋላ፣ እስከ ገና ይጾም ነበር። ለገና የሚጋግሩት ሽቶለን የሚባል ዳቦ አላቸው። ዛሬ በቅቤ የራሰ፣ በዘቢብ የተሞላ ነው። ድሮ ግን ጾም ስለሆነ ቅቤ አይገባበትም፤ በዘይት ነበር የሚጋገረው። የሳክሶኒ መሳፍንት ቅቤ እንዲፈቀድላቸው ወደ ሮም ጻፉ፤ ሊቀ ጳጳሱ ኢኖሰንት ስምንተኛ በ1491 ፈቀዱ። ይህን ለመሪጌታ ብነግራቸው «እኛ ዘንድ ደብዳቤ አይጻፍም» ብለው ሳቁ።

ሁለተኛ፣ የባቫሪያ መስፍኖች በ1516 ባወጡት ደንብ ቢራ የሚጠመቀው ከገብስ፣ ከጌሾ መሰል ተክልና ከውኃ ብቻ ነው። ለኅዳር ጽዮን ከመሐል ሜዳ የመጣችው የአባቴ እህት ይህን ስትሰማ ቅር አላት። «ገብስማ የኛ ነው» አለች። መንዝ ተወልዶ በገብስ ቀልድ የለም፤ እንጀራው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ጠላው ገብስ!

ሦስተኛው ድንች ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1858። ሰውየው በ1837 መጥቶ እዚሁ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በ1878 አድዋ ላይ የሞተ ነው።

ይህን ለእማማ መንገሬ ስሕተት ነበር። ድንች እየላጠች ነበርና ቢላዋው ቆመ።

«እንኪያስ ይኸም የነሱ ነው?»

ፊቷን ሳየው ደነገጥኩ። ቶሎ ብዬ ቀሪውን ነገርኳት። ድንች የጀርመንም አይደለም፤ ከደቡብ አሜሪካ ነው የመጣው። የጀርመን ገበሬም መጀመሪያ እሺ አላለም፤ የፕሩሽያው ንጉሥ ፍሬድሪክ በ1756 «ድንች ትከሉ» ብሎ ትእዛዝ እስከማውጣት ደርሷል።

«በግድ?»

«በትእዛዝ።»

እማማ ትንሽ አሰበች። «ለነሱም ሰው ነው የሰጣቸው በያ» አለችና መላጡን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ስለ ምግቡ ዝርዝር አልተከራከርንም።

ዝርዝሩ እንዲህ ወጣ፦

ድንች ሰላጣ፣ እህቴ እንዳለችው፣ በሆምጣጤ፣ በዘይት፣ በቀይ ሽንኩርትና በሰናፍጭ።
ምስር ሾርባ፣ በካሮት። ጀርመኖች ሲያወጡት ጠብ የሚያደርጉበት ሆምጣጤ አለች፤ እሷንም።
የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን።
ድፎ ዳቦ፣ ከፊሉ የአክስቴ የገብስ ዱቄት። ትንሿ ደግሞ በዘይትና በዘቢብ፤ ከ1491 በፊት እንደነበረው።
ከጎኑ የራሳችን፦ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ክክ አልጫ፣ ሲልጆ። የሚጠጣው ጠላ።

በጀቱን ያቃወሰው ዘቢቡ ነው። መከራዬን ያሳየኝ ግን ጎመኑ ነው። ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ይከተፋል፤ ለአንድ ኪሎ ሃያ ግራም ያህል ጨው ይገባበታል፤ ውኃ እስኪያወጣ ይታሻል፤ ተጠቅጥቆ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ በራሱ ውኃ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በደንብ እንዲበስል ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። እኔ የነበሩኝ 13 ቀናት ናቸው። ሚዛን ስላልነበረን ጨዉን እማማ በእጇ ለካች። እኔ «በዛ» አልኩ፤ እሷም ዘግይታ «ሳይበዛ አልቀረም» አለች። በአምስተኛው ቀን ጎመኑ መሽተት ጀመረ። ልደፋው ገምቦውን ሳነሣ እማማ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «የት ልትወስጂው ነው? ይህ እኮ የሲልጆ ዘመድ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሲልጆ የሚያውቅ ሰው የኮመጠጠ ምግብ አያስደነግጠውም። ሰናፍጩን በጀርመንኛ «ዘንፍ» እንደሚሉት ስነግራት ደግሞ «አየሽ፣ ስሙን እንኳ በደንብ አልያዙትም» አለች።

ኅዳር 21 ደረሰ። ቅዳሴው አልቆ ሰንበቴ ቤቱ ጢም አለ። አራቱ እንግዶች ነጠላ አጣፍተው ገቡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ሁለቱ ወጣቶች። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። መሪጌታ ባረኩ። ሳህኑ ቀረበ።

ከሁሉም በዕድሜ የገፉት ሴትዮ ድንች ሰላጣውን ቀመሱና ቀስ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጎመኑን ቀመሱና ቆም አሉ። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ይሄን ማን ሠራው? ጨው በዝቶበታል!» አሉኝ።

ቤቱ ሁሉ እኔን ያያል። «ምን አሉ? ምን አሉ?» እማማ ከጓዳው በር ቆማለች። የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ለአራት ዓመት ተምሬ የመጀመሪያው ፈተናዬ በጎመን መጣ! «በጣም ጥሩ ነው አሉ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እውነቱን ተረጎምኩ።

እማማ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «እኔም ብያለሁ በያቸው!»

ተረጎምኩላቸው፤ ሴትዮዋም ሳቁ። የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ቤቱ ውስጥ ላላ። በዓመታት ውስጥ እንግዶች መጥተው ሁሉን «ቆንጆ ነው» ሲሉ ነበር የምንሰማው። የሠራሁትን ሰምቶ «ጨው በዛ» የሚለኝ ግን ቤተ ዘመድ ነው። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ሲልጆ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። ድንች ሰላጣውን የጨረሱት ግን የሰንበቴው ሰዎች ናቸው፤ ጎረምሳው ብቻውን ሁለት ሳህን።

በመካከሉ ሴትዮዋ ያ ቀን በአገራቸው የገናን መምጫ የሚጠብቁበት የመጀመሪያው እሁድ እንደሆነ ነገሩን። ከአራት ሻማ አንዱ የሚበራበት ነው አሉ። እኔ ገና ተርጉሜ ሳልጨርስ እማማ ጧፍ አምጥታ አበራችላቸው።

ወደ መጨረሻው ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ከፈቱና ገንዘብ አወጡ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ሊሰጡ። ሙሴው እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏቸው። «ዛሬ አይሆንም። ዛሬ እንግዳ ነዎት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ «ነገ ግን ጣሪያው እንደሚያፈስ ንገሪያቸው።» (ይህንንም በታማኝነት ተርጉሜያለሁ፤ በማግሥቱ።)

እማማ ራሷ ጠላ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ ተቀብለው፣ ቃሉን እየሰባበሩ፣ በአማርኛ «አመ-ሰግና-ለሁ» አሉ። እማማ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

ሰምቻለሁ።

እውነቱን ለመናገር በአንድ ምሳ ውለታ አይከፈልም። አንድ ገምቦ ጎመን የአንድ ሆስፒታል ዋጋ አይሆንም፤ ጣሪያውም ያፈስ ነበር። ሰጪና ተቀባይ ለአንድ ቀን ቦታ ቢለዋወጡ በነጋታው ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ግን እማማ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ወንድሜ ልደት ስታወራ አጨራረሷ ተለወጠ። «እናትሽ መንገድ ላይ ትቀር ነበር» ካለች በኋላ «እኔም አብልቻቸዋለሁ» ትጨምራለች። ለእኔ የምሳው ጥቅም ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። ያ ምሳ በአራተኛ ወሩ ኮሮና መጣ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የተነሣው ውጊያ ሰሜን ሸዋንም አልማረም፤ የጀማን መንገድ እንደ ድሮው «ጆሮ ይደፍናል» ብለን የምንቀልድበት መሆኑ ቀረ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሲበላ አላየሁም።

እህቴ ግን መጣች። ቤይሩት ወደቡ በፈነዳ በወራት ውስጥ፣ በ2013፣ በአንዲት ሻንጣ። አዲስ አበባ ተቀበልኳት። ያን ጊዜ ሥራ ይዤ ነበር፤ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። መንገዱን ሁሉ የማመሰግንበትን ቃል ስፈልግ ነበርና በሩን እንደከፈትኩ «እቱ፣ እኔ ላንቺ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተዪው እሱን» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ራበኝ። ምን ሠራሽልኝ?»

የሠራሁት ሽሮ ነበር። ቀመሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ጨው አንሶታል» አለች።